እርሳሱ ከእጄ የወደቀ ዕለት

አባቴ ከብታቸው ስንት እንደሆነ ተጠይቀው ሲመልሱ ሰምቼ አላውቅም። ጭቃ ሹም ቢጠይቃቸው፣ አማች ቢጠይቃቸው፣ እኔ ልጃቸው ብጠይቃቸው መልሱ ያው ነበር። «የሰጠ እግዜር ያውቀዋል» ብለው ወሬ ይለውጣሉ። በአገራችን በቁሐር ሚካኤል እንዲህ የሚሉት እሳቸው ብቻ አልነበሩም። በፎገራ ሜዳ ከብት በመልኩና በእናቱ ይታወቃል እንጂ በቁጥር አይታወቅም። ከብቱ በረት ሲገባ «ዳልቻዋ የለችም»፣ «የቡሬዋ ወይፈን ቀርቷል» ይባላል እንጂ «አንድ ጎደለ» አይባልም። የተቆጠረ ከብት ዓይን ይበላዋል፣ ይመነምናል፣ ያልቃል ይባል ነበር።

የእኚህ ሰው ልጅ ሆኜ ነው እንግዲህ ከብት ቆጣሪ የሆንኩት።

ነገሩ የመጣው በደስታ በሽታ ምክንያት ነው። ለዚያ የከብት በሽታ ደስታ የሚል ስም ያወጣለት ሰው ክፋቱን ፈርቶ ሳይሆን አይቀርም። የከብቱ ዓይን ያነባል፣ አፉ ይቆስላል፣ ያስቀምጠዋል፣ በሳምንት ውስጥ በረቱ ኦና ይሆናል። እኔ ደብረ ታቦር ጥቂት ክፍል ተምሬ፣ ከዚያም ክትባት መውጋት ሠልጥኜ፣ ወረታ ላይ ከአንድ የከብት ሐኪም ሥር ተመድቤ ነበር። ዕድሜዬ ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት ቢሆን ነው። ዘመኑ የሃምሳዎቹ ዓመታት ነበር። ወረታ ያኔ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚገናኝባት፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች ያሏት፣ በገበያ ቀን ብቻ ከተማ የምትመስል ቦታ ነበረች።

ሐኪሙ መድኃኒት ለማዘዝ የከብቱን ብዛት ማወቅ ነበረበት። መጀመሪያ በእግርና በበቅሎ ዞረን ሞከርን። አልሆነም። ባላገሩ ከሩቅ ሲያየን ከብቱን እየነዳ ወደ ሸሸርና ወደ ወላላ ረግረግ፣ ወደ ጣና ዳር ይሸሻል። ደርሰን ስንጠይቅ «ከብት? ምን ከብት አለን ብለህ» ይሉናል፤ በረቱ ውስጥ ግን እበቱ ገና እየጨሰ ነው። በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ትንሽ አውሮፕላን እንድትመጣ ተወሰነ። ከሰማይ ይቆጠራል ተባለ። የአገሩን ከብት የሚያውቅና መጻፍ የሚችል ሰው ሲፈለግ እኔ ተመረጥኩ።

በዚያ ሳምንት ቤተሰብ ልጠይቅ ቁሐር ወርጄ ለአባቴ ነገርኳቸው።

«ከሰማይ?» አሉ አባቴ።

«አዎ አባዬ። እኔም አብሬ ልወጣ ነው።»

«ከሰማይ ሆኖ የሚቆጥር አንድ ነው» አሉ። «አንተ ሁለተኛ ልትሆን ነው?»

«መድኃኒቱ እንዲበቃ ብለን ነው እንጂ ለክፋት አይደለም። አምና ጥጆቹ እንዴት እንዳለቁ እርስዎም አይተዋል።»

«አይቻለሁ። መድኃኒትህን አምጣ፣ ከብቴን አስወጋለሁ። አላስቆጥርም።»

ከዚህ በላይ አልተከራከርኩም። እሳቸውም አልቆጡኝም። ስወጣ እንደ ወትሮው ጉልበታቸውን ሳምኩ፣ መረቁኝ።

አውሮፕላኗ የመጣችው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ከወረታ ወጣ ብሎ ያለውን ደልዳላ ሜዳ ሰዎች ድንጋዩን ለቅመው፣ ጉብታውን ደልድለው አዘጋጅተውላት ነበር። ነጭ ናት፣ የክንፏ ጫፍ ሰማያዊ ቀለም አለው፤ አፍንጫዋ ላይ የሚሽከረከር አንድ ውልብልቢት አላት። ክንፏ ከጣሪያዋ በላይ ስለሆነ ተቀምጦ ወደ ታች ለሚያይ ሰው ትመቻለች። ካፒቴኑ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ አጠር ያለ፣ ሲሠራ የሚያፏጭ፣ ከሰው ጋር ቶሎ የሚግባባ ሰው ነበር። ለሐኪሙም ለዘበኛውም ለእኔም ሰላምታው አንድ ነው።

መጀመሪያ ቀን ከመነሣታችን በፊት ክንፉ ጥላ ሥር አቆመኝ።

«ሁለት ነገር ልንገርህ» አለኝ። «አንደኛ፣ ከብት ለማየት ዝቅ ስንል አታናግረኝ። ቤትህ ሲቃጠል ብታይ እንኳ አታናግረኝ። ከፍ ካልን በኋላ የፈለግከውን አውራ። ሁለተኛ፣ የያዝከውን ሁሉ እሰር። ወረቀትህን፣ እርሳስህን፣ ባርኔጣህን። እዚያ ላይ የወደቀ ነገር እንደ መሬቱ አይደለም።»

«እሺ ካፒቴን፤ እንዳሉት አደርጋለሁ» አልኩት።

እሱው ራሱ ሲባጎ ፈልጎ እርሳሴን ከመጻፊያ ጣውላዬ ጋር አሠረልኝ።

ከመሬት ስንነሣ ዓይኔን ጨፍኜ በልቤ ሚካኤልን ተማጸንኩ። ስገልጥ የርብ ወንዝ በአንድ ወገን፣ ጉማራ በሌላ ወገን ተጣጥፈው ተኝተዋል፤ ጣና እስከ ሰማይ ጥግ ድረስ ተዘርግቷል። ክረምት ክረምት እስከ ጉልበቴ ጭቃ የምገባበት አገር ይኸ ነው ብሎ ማመን አቃተኝ። ከብቱ ሊደርቅ እንደተሰጣ ሽምብራ ተበትኗል። ካፒቴኑ መንጋ ሲያገኝ ዝቅ ይላል፣ በቀኝ ክንፉ ዘንበል ብሎ መንጋውን ይዞራል፤ እኔ በመስኮቴ ወደ ታች እያየሁ እቆጥራለሁ። አሥር በሞላ ቁጥር አንድ ጭረት እጭራለሁ። ዞረን ስንጨርስ ሽቅብ እንወጣለን። ያኔ «ስንት ሆነ?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። በዚያች ቀን ዝቅ ባልን ጊዜ ሁሉ ሁለታችንም ቃል አልተነፈስንም።

በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዝምታውን መጀመሪያ የጣሰው እሱ ነው። ከወላላ በላይ ዝቅ ብለን ስንበር ብዙ ነጫጭ ወፎች ከውኃው ተነሥተው ሲበሩ «እያቸው! እያቸው!» አለኝ በጣቱ እያሳየ። እኔም ሳቅሁ። በአራተኛው ቀን እህቴ የቆላችውን ቆሎ ይዤ ወጣሁ። ዝቅ ባልንበት ሰዓት በመዳፉ እያፈሰስኩለት አንድ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ቆረጠመ። በአምስተኛው ቀን እሱ እየዘፈነ እኔ እየተቀበልኩ ቆጠርን። «ካፒቴን፣ እርስዎ» ማለቱም ቀረ። «በእናትህ፣ አንተ በለኝ፤ አስረጀኸኝ» ብሎኝ አንተ ማለት ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ያችን አምስት ቀን መላልሼ አስቤያታለሁ። ሁለታችንም ሰነፎች አልነበርንም፤ እሱ በተለይ ጠንቃቃ ነበር። በየማለዳው ዘይቱን ያያል፣ ጎማውን ይዳስሳል፣ ክንፏን እንደ በቅሎ ጀርባ እያሻሸ ይዞራታል። ግን ሰው አንድ ቀን ሕግ ጥሶ ምንም ሳይሆን ሲቀር በማግስቱ ሕጉ ራሱ የሞኝ ሕግ ይመስለዋል። እኛም እንዲያ ሆንን።

በስድስተኛው ቀን እርሳሴ አልቆ ጉማጅ ሆኖ ነበር። ሌላ አዲስ አወጣሁ። ሲባጎው ከጣውላው ጋር እንደተንጠለጠለ ቀረ። ካፒቴኑ ሞተሩን ሊያስነሣ ሲል አየና «ዛሬ አላሠርከውም?» አለኝ።

«እይዘዋለሁ» አልኩት።

«ያዘው እንግዲያ» ብሎ ውልብልቢቱን አስነሣ።

የቀረን የሸሸር ዳርቻ ብቻ ነበር። ከብቱ ሜዳ ላይ የለም፤ ባለቤቶቹ ድምፃችንን ሲሰሙ ውኃው ዳር ካለው ፊላና ቄጠማ ውስጥ አስገብተውታል። ከላይ ሲታይ ጀርባና ቀንድ ብቻ ነው፣ እሱም ብቅ ጥልቅ ይላል። ካፒቴኑ ከሌላው ቀን ይልቅ ዝቅ አለ። ሁለተኛውን ዙር ስንዞር ከፊላው ዳር ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ወደ ሰማይ ቀና ብለው የቆሙ ሽማግሌ አየሁ። በአቋማቸው ለየኋቸው።

«አባቴ ናቸው!» አልኩ።

«የትኛው?»

«እኚያ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱት። ከብቱም የእኛ ነው።»

ሳቀ። «ታዲያ የቤትህን ከብት አጥርተህ ቁጠራ! አንድ ዙር ልጨምርልህ።»

ጠበብ አድርጎ ዘነበለ። እኔ መቁጠር ጀመርኩ። በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን ቁጥር ላገኘው ነው። ዳልቻዋን ለየኋት፣ ቡሬዋን ለየኋት፤ ጭረቴ አምስት ደረሰ፣ ስድስት ደረሰ። አየሩ አንድ ጊዜ ጎሸም አደረገን። እርሳሱ ከጣቶቼ አምልጦ ጉልበቴን መታና ወደ ካፒቴኑ እግር ተንከባለለ።

«ምን ሆነ?» አለኝ።

«እርሳሱ ወደቀ።»

«ተወው፣ በኋላ እናነሣዋለን።»

ዝም ብል ኖሮ! ግን ዝም አላልኩም። «ቁጥሩ ይጠፋብኛል» አልኩት። «ስድሳ ሁለት ላይ ነኝ፤ ይጠፋብኛል!»

ወደ ወለሉ አየ። እግሩን አነቃነቀ። «ፔዳሉ ሥር ሳይገባ አልቀረም» አለ፤ ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም፣ ቤቱ ውስጥ ቁልፍ የጠፋበት ሰው ይመስላል። አንድ እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ጎንበስ አለ። እኔም ጎንበስ አልኩ። በመካከላችን አራት ዓይን ነበረን፤ አራቱም ወለሉ ላይ ነበር።

«ይኸው አገኘሁት» አለ።

በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ሰውነቴን ወደ ታች ሳበኝ። ቀና ስል በፊት መስኮት ሰማይ የለም። ውኃ ነው፤ ፊላ ነው፤ አንድ ላም ቀና ብላ ታየናለች። ልያዘው ብል የምይዘው ነገር አላውቅም። ስድስት ቀን ሙሉ ከጎኑ ተቀምጬ መሪው ወደየት ሲገፋ ምን እንደሚሆን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁም ነበር። ካፒቴኑ ተፈናጥሮ ቀና ብሎ መሪውን ሲስብ አየሁት። ቀኙ ክንፍ ውኃውን ነካ፣ ተገለበጥን፣ በእሱ ወገን በአፍንጫችን ጭቃው ውስጥ ተተከልን።

ስነቃ ጸጥታ ነበር። ቀኝ ክንዴ ተሰብሯል። ቤንዚን ይሸታል። ካፒቴኑ በሕይወት አለ፤ ግን መሪው ደረቱን አጣብቆታል፣ እግሩ ከሞተሩ ሥር ገብቷል፤ ውኃው እስከ ብብቱ ደርሷል። ጭንቅላቱ ወደ ውኃው ሲያዘነብል በግራ እጄ አገጩን ደግፌ ቀና አደረግሁት።

«ምንድን ነው የሆነው?» አለኝ።

«ወደቅን።»

«ሞተሩ ይሠራ ነበር እኮ» አለ።

«አዎ፣ ይሠራ ነበር።»

«ይሠራ ነበር» አለ ደግሞ፣ ራሱን እንደሚያስረዳ ሁሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረም።

የወንበሩን ቀበቶ ልፈታለት ሞከርኩ። አንዱን እጄን ከአገጩ ካላነሣሁ አይሆንም፤ ሳነሣው ፊቱ ውኃ ይነካል። ሁለተኛው እጄ አይታዘዝም። ሞከርኩ፣ ተውኩ፣ ሞከርኩ። አውሮፕላኗ ጭቃው ውስጥ ቀስ በቀስ ትሰጥም ነበር፤ የውኃው መውጣት በዓይን የማይታይ ይመስላል፣ ግን ትንሽ ቆይቼ ሳይ ከብብቱ ወደ ትከሻው ወጥቷል። ደረቁ ዳር ላይ ሰዎች ተሰብስበዋል። «ኑ! ኑ እንጂ!» እያልኩ ጮህኩ። አይመጡም። ያች ፍጥረት ትፈነዳለች፣ ትነድዳለች ብለው ፈርተዋል፤ አልፈርድባቸውም።

መጀመሪያ ውኃው ውስጥ የገቡት አባቴ ናቸው። ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ ዱላቸውን እንደያዙ ገቡ። እሳቸውን አይተው ሌሎቹ ተከተሉ። በመጥረቢያ በሩን ፈለጡት። በአካፋና በእጃቸው ጭቃውን ዛቁ፤ የዛቁትን ያህል መልሶ ይሞላል። አሥር ሰው ሆነው ጅራቷን ይዘው ሊነቀንቋት ሞከሩ። ስትነቃነቅ ካፒቴኑ የሚሰቀጥጥ ድምፅ አወጣና ሁሉም ለቀቁ። አንዱ ታንኳ ሊያመጣ ሮጠ። አንዱ ወረታ ሐኪሙን ሊጠራ ሮጠ። እኔ አገጩን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። «አይዞህ፣ መጡ፤ አይዞህ፣ መጡ» ብቻ እለዋለሁ። እጄ ደነዘዘ። ፀሐዩ ጀርባዬን ለቆ በፊቴ መጣ።

አባቴ ውኃው ውስጥ ቆመው በተፈለጠው በር እጃቸውን አስገብተው ክንዴን ያዙኝ።

«ልቀቀው ልጄ» አሉኝ።

«ውኃው አፉ ይገባል።»

«ልቀቀው። ሄዷል። ቆይቷል ከሄደ።»

አላወቅሁም ነበር። መቼ እንደሆነ እስከ ዛሬም አላውቅም።

እሱንም እኔንም በቃሬዛ ወደ ወረታ ወሰዱን። አስከሬኑ በመኪና ወደ አገሩ ሄደ። እኔ ክንዴ ታስሮ ወረታ ተከራይቼ በምኖርባት ቤት ተኛሁ። ከቁሐርም ከአንበሳሜም ወገን ያሉ ዘመዶቻችን ሊጠይቁኝ መጡ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው። «አንተ ምን ታደርግ! ከብት ተቆጥሮ ደግ ነገር ይገኛል?» «ቁጥሩ ነው የጣላችሁ፣ እናንተማ ታዛችሁ ነው።» እኔ «ቁጥሩ አይደለም፤ እርሳስ ወድቆብኝ ነው፤ እኔ አንሣልኝ ብዬው ነው» እላለሁ። እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። «ደንግጦ ነው፤ አታስለፍልፉት» ተባብለው ጠበል ያስረጩኛል። ደግመው ሲመጡ ደግሜ እነግራቸዋለሁ፤ ደግመው ያጽናኑኛል። ጥፋቴን የሚቀበለኝ አጣሁ።

የነፍስ አባቴ ሲመጡ ለእሳቸውም ተናዘዝኩ። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እንዲሞት ፈልገህ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም አባ።»

«ታዲያ የወደቀ ዕቃ አንሣልኝ ማለት በየትኛው ትእዛዝ ነው የተከለከለው?»

«አላውቅም። ብቻ ሞተ።»

«ጥቂት ቀን ጹም፤ ስለ ነፍሱ ስገድ» አሉኝ። ጾምኩ፣ ሰገድኩ። እሳቸው የፈቱኝን እኔ ከራሴ መፍታት አቃተኝ።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የአውሮፕላኗን አወዳደቅ ሊመረምሩ የተላኩ ሰው መጡ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ በወጣትነታቸው ራሳቸው ያበሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ከአልጋዬ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው «የምታስታውሰውን ሁሉ ንገረኝ፤ ትንሽ ነው ብለህ የምትተወው ነገር አይኑር» አሉኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ነገርኳቸው። ስለ ቆሎውም፣ ስለ ዘፈኑም፣ ስለ ሲባጎውም። እርሳሱ ጋ ስደርስ እንደ ሌሎቹ ሰዎች አያምኑኝም ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ምንም ሳይገርማቸው ጻፉት።

«ያምኑኛል?» አልኳቸው።

«ለምን አላምንህም? አንድ ጓደኛ ነበረኝ፤ ንብ ገብታበት እሷን ሲያባርር ኮረብታ መታ። ሌላው በደንብ ያልተዘጋ በር ሊዘጋ ዞሮ ነው። ሌላው ካርታ ሲያጥፍ ነው። ሞተር ሲጠፋ አብራሪ ይነቃል፤ ያለው ትኩረት ሁሉ እዚያው ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ይተርፋል። ይችን የመሰለች ትንሽ ነገር ግን አታስፈራም። አታስፈራምና ዓይኑን ይሰጣታል። መሬት ሲቀርብ ደግሞ ዓይን ለመመለስ ጊዜ የለም።»

«ይጠፋብኛል ባልለው ኖሮ?»

ደብተራቸውን ዘጉ። «እሱስ?» አሉ። «ቀና ብሎ፣ ከፍ ብሎ፣ ክንፉን አስተካክሎ ከዚያ ቢፈልገው እርሳሱ የት ይሄድ ነበር? መጀመሪያ ማብረር ነው፤ ሌላው ሁሉ ኋላ ነው። ይህንን ከአንተ ይልቅ እሱ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ ግን ሁለት ጊዜ እንዲሁ ሆኜ በዕድል ተርፌያለሁ።» ተነሡና ጤና ተመኝተውልኝ ሄዱ። የጻፉት የት እንደደረሰ አልሰማሁም።

ሌላ አውሮፕላን አልመጣችም። ሐኪሙ የእኔን የጭረት ወረቀቶች አድርቆ፣ የቀረውን በግምት ሞልቶ መድኃኒት አዘዘ። መድኃኒቱ መጣ፣ አልበቃም። እኔ አንድ እጄን አንጠልጥዬ በበቅሎ እየዞርኩ ስወጋ ከጣና ዳር ያሉት ሰፈሮች ሳይደርሳቸው አለቀ። ባዶ ሣጥን ይዤ በረታቸው በር ላይ ስቆም ምን እንደምላቸው አላውቅም ነበር። አንዱ ሽማግሌ «ቆጥራችሁን ነበር እኮ» አሉኝ።

ከፋሲካ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ የካፒቴኑ እናት ወረታ መጡ። ጥቁር የለበሱ፣ ቀጭን፣ ብቻቸውን በአውቶቡስ የመጡ ሴት ናቸው። ሰው ጠይቀው ቤቴ ድረስ መጥተው «አብረኸው የነበርከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

«ቦታውን አሳየኝ።»

በበቅሎ አስቀምጫቸው ልጓሙን እየሳብኩ ወደ ሸሸር ወረድን። መንገድ ላይ በአንድ ሰው ደጅ ጎተራ ላይ የተደፋ ነጭ ቆርቆሮ አዩ፤ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለው። በቅሎዋን አስቆሙኝ። «ይኸ የሱ ነው?» አሉኝ። ሬሳው ከወጣ በኋላ ያገሬ ሰው ስብርባሪውን ለቆርቆሮውና ለሽቦው ተከፋፍሎት ነበር። «አዎ እማማ» አልኩ። ምንም ሳይሉ በእግራቸው በቅሎዋን ነካ አደረጓት።

ሸሸር ውኃው ሸሽቶ ነበር፤ አውሮፕላኗ የወደቀችበት ቦታ የተሰነጣጠቀ ጥቁር መሬት ሆኗል፣ ከብት ይግጥበታል። አባቴ ከብታቸውን ትተው መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡ።

«እመቤቴ» አሉ አባቴ፣ «ከብቱን ፊላው ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አላስቆጥርም ብዬ። ሜዳ ላይ ብተወው እንዲያ ዝቅ አይሉም ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

ደነገጥኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ቃል አልተነፈሱልኝም። ሲያጽናኑኝ ከሚውሉት ጋር ተቀምጠው ለካ እሳቸውም የራሳቸውን ጥፋት ይዘው ኖሯል። እናትየው ዓይን ዓይናቸውን ያዩዋቸዋል። እኔም መያዝ አቃተኝና የቀረውን ሁሉ አወጣሁት፤ እርሳሱን፣ «ተወው» ብሎኝ እንደነበር፣ «ይጠፋብኛል» ማለቴን፣ «አገኘሁት» ማለቱን።

ሴትዮዋ መሬት ላይ ተቀመጡ። ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅሁ፣ አላለቀሱም።

«ከመሥሪያ ቤቱ የመጡት ሰዎች ሞተሩ ነው አሉኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሞተር ጠፍቶበት፣ ታግሎ፣ ታግሎ አቃተው አሉኝ።»

«ሞተሩ ደህና ነበር እማማ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ታዲያ ይህን ለምን ነገርከኝ?» አሉ። «እኔ ሲታገል ነበር የማየው። አሁን ጎንበስ ብሎ ነው የማየው።»

እውነቱን ስነግራቸው ለእሳቸው የማደርግ መስሎኝ ነበር፤ ለራሴ ነው ያደረግሁት። ይቅር በሉኝ እንኳ አላልኩም። አባቴም መሬቱን ያያሉ። ሦስታችንም እዚያ ሜዳ ላይ ከብቱ እየዞረን ቆየን።

በበቅሎ አስቀምጫቸው ወደ ወረታ ተመለስን። ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው አውቶቡስ ቆሞ ነበር። ጓዛቸውን አስገባሁላቸው፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። የምለው ነገር አሁን ይመጣልኛል ብዬ ነበር።

«በል ቤትህ ግባ» አሉኝ ሳያዩኝ፤ «ፀሐዩ ይመታሃል።»

አውቶቡሱ ተነሣ። አቧራው እስኪረጋ ድረስ መንገዱ ዳር ቆሜ ቆየሁ። ምን እንደምጠብቅ ግን አላውቅም ነበር።